ሰባት ቢራ ፋብሪካ በ1 ዩሮ፦ ከሩሲያ ቢራ ምን እንማር?

በ1 ዩሮ ምን ይገዛል? አውሮፓ ውስጥ አንድ ቡና ከተገኘበት ጥሩ ነው። በኦገስት 2023 ግን ሄኒከን ሩሲያ ውስጥ የነበሩትን ሰባት ቢራ ፋብሪካዎች ከ1,800 ሠራተኞቻቸው ጋር አርኔስት ለሚባል የሩሲያ ኩባንያ በ1 ዩሮ አስረከበ። አርኔስት የሚታወቀው በመዋቢያ ምርቶችና በጣሳ ነው። ሄኒከን በበኩሉ ከዚህ ሽያጭ 300 ሚሊዮን ዩሮ አጣሁ አለና መዝገቡን ዘጋ።

እሱ እንኳን ዕድለኛ ነው። የዴንማርኩ ካርልስበርግ ገዢ አግኝቶ፣ ውል ተፈራርሞ ፈቃድ ሲጠብቅ ፋብሪካዎቹ በአንድ ፊርማ ከእጁ ወጡ።

ዜናዎቹን ያኔ ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ አይተን «ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ» ብለን አልፈናቸዋል። ግን የሩሲያ ቢራ ነገር ከጦርነቱ በፊት ነው የሚጀምረው። በ30 ዓመት ውስጥ አንድ ኢንዱስትሪ በሕግ ሲያብጥ፣ በሕግ ሲከሳ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በትእዛዝ ባለቤት ሲቀይር አይተናል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፦ መንግሥት ቢራ ላይ እጁን ማስገባቱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እጁን መቼና እንዴት እንደሚያስገባ ማንም ቀድሞ ማወቅ ሲያቅተው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አረፋው እስኪወርድ

ሩሲያና መጠጥ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን ቮድካ ነው። ያው ልክ ነው፤ ቢራ ለረጅም ጊዜ የቮድካ ታናሽ ወንድም ሆኖ ነው የኖረው። «ቢራ ያለ ቮድካ ብርን ለንፋስ መበተን ነው» የሚል አባባልም አላቸው። ሁለቱን አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሲደባልቁት «ዮርሽ» ይሉታል።

ቢሆንም ቢራውም የራሱ ታሪክ አለው። በቮልጋ ወንዝ ዳር ሳማራ ከተማ ውስጥ አልፍሬድ ፎን ቫካኖ የተባለ ኦስትሪያዊ በ1881 ቢራ መጥመቅ ጀመረ። አብዮቱ መጣና ፋብሪካው የመንግሥት ሆነ። በ1930ዎቹ «የቪየና» ይባል የነበረው ቢራው ስሙ ተቀይሮ «ዢጉልዮቭስኮዬ» ተባለ፤ ከዚያም በመላው ሶቪየት ኅብረት በአንድ የመንግሥት ደረጃ የሚጠመቅ ዋናው ቢራ ሆነ። ልብ በሉ፤ የሩሲያ ቢራ ፋብሪካ በብዕር ባለቤት ሲቀይር 2023 የመጀመሪያው አይደለም። ዛሬም ሳማራ ውስጥ ከፋብሪካው ጥግ «ና ድኔ» የምትባል ቤት አለች፤ ሰዉ ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፣ ትኩስ ቢራ አስሞልቶ ይመለሳል።

በሶቪየት ዘመን ቢራ የሚጠጣው በአብዛኛው መንገድ ዳር ባለ ኪዮስክ ነበር። ወረፋ አለ፤ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ወፍራም የብርጭቆ ኩባያ አለ። ኩባያ ካለቀ ሰዉ ከቤቱ ባለ ሦስት ሊትር ማሰሮ መሳይ ብርጭቆ ይዞ ይመጣል። አብሮት የሚበላው ቮብላ የሚባል የደረቀ ጨዋማ ዓሣ ነው፤ ጋዜጣ ተዘርግቶለት በእጅ እየተላጠ። ሻጮቹ ደግሞ አንድ ብልሃት ነበራቸው፦ ኩባያውን በአረፋ ይሞሉታል። ለዚህ ነው በየኪዮስኩ «አረፋው ከወረደ በኋላ እንዲሞላልዎ ይጠይቁ» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ የነበረው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ማስታወቂያ ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዋጋው በመንግሥት ተቆርጧል፣ ዕቃው ግን አይበቃም። ስለዚህ ጭማሪው በአረፋ በኩል ይገባል። ዋጋን በወረቀት ላይ ማሰር ይቻላል፤ ኩባያው ውስጥ ያለውን ግን ማሰር ከባድ ነው።

ጎርባቾቭ በሜይ 1985 የፀረ አልኮል ዘመቻ ሲያውጅ ያው ትምህርት በትልቁ መጣ። የመሸጫ ሰዓት ተቆረጠ፣ ምርት ተቀነሰ፣ የወይን እርሻ ሳይቀር ተነቀለ። እውነት ለመናገር ዘመቻው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕይወት አድኗል፤ የሰዉ አማካይ ዕድሜ ጨምሯል። ግን ሰዉ ወደ ሳሞጎን ዞረ፤ ሳሞጎን ማለት የእነሱ የቤት አረቄ ነው። ስኳር ከሱቅ ጠፋ፣ የመንግሥት ካዝናም ከቮድካ ያገኝ የነበረውን ገቢ አጣ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ዘመቻው ራሱ ከሰመ።

ቢራ «ምግብ» የነበረ ጊዜ

ባልቲካ የሚባለው ፋብሪካ ሌኒንግራድ ውስጥ ግንባታው በ1978 ተጀምሮ በ1990 ሥራ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ታይሙራዝ ቦሎዬቭ የሚባል ሰው ኃላፊ ሆነ። አገሪቱ ፈረሰች፣ ከተማዋም ሴንት ፒተርስበርግ ወደሚለው የቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ፋብሪካው ወደ ግል ሲዞር የስካንዲኔቪያ ባለሀብቶች ገቡበት። ባልቲካ ቢራዎቹን በቁጥር ነበር የሚጠራው፦ ቁጥር 3 ለየዕለቱ፣ ቁጥር 7 ኤክስፖርት፣ ቁጥር 9 ደግሞ 8 በመቶ አልኮል ያለው ኃይለኛው። ቀላል፣ የማይረሳ ስም።

በኦገስት 1998 ሩብል ወደቀ። ከውጭ የሚመጣው ቢራ ከሰዉ አቅም በላይ ሆነ፤ አገር ውስጥ የሚጠመቀው ግን ገብሱም ሠራተኛውም በሩብል ነው። ገበያው ለአገር ውስጡ ቢራ ተለቀቀለት። የምንዛሪ መውደቅ ለአንዱ መርዶ፣ ለሌላው ብስራት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ከሁሉ የበለጠው ስጦታ ግን ከሕጉ የመጣ ነው። በሩሲያ ሕግ ከ10 በመቶ በታች አልኮል ያለው መጠጥ እስከ 2011 ድረስ ምግብ እንጂ አልኮል አልነበረም። ቢራ ማለት ከጭማቂ ጎን የሚደረደር ዕቃ ነው። በየሜትሮ ጣቢያው ደጃፍ ያሉት ኪዮስኮች ከሲጋራና ከማስቲካ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ይሸጡታል። ወጣቱ ጠርሙስ በእጁ ይዞ መንገድ ላይ፣ መናፈሻ ውስጥ፣ ወደ ሥራ ሲሄድ ሳይቀር ይጠጣል። «ቮድካ አይደለም እኮ፣ ቢራ ነው» ነው ክርክሩ።

ቁጥሩን እዩት። በ1996 የሩሲያ የቢራ ምርት ወደ 2 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ነበር። በ2007 ወደ 11 ቢሊዮን ሊትር ደረሰ። በአስራ አንድ ዓመት ከአምስት እጥፍ በላይ! እንዲህ ዓይነት ገበያ ያየ የውጭ ኩባንያ ቤቱ አይቀመጥም። የቤልጂየሙም የቱርኩም ገቡ። ሄኒከን በ2002 ገባ። ካርልስበርግና ሄኒከን በ2008 አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ቢራ ኩባንያን በ7.8 ቢሊዮን ፓውንድ ገዝተው ለሁለት ተካፈሉት፤ ካርልስበርግ ከዚያ ድርሻው ባልቲካን ሙሉ ለሙሉ ተቆጣጠረ። ያኔ ይህ ግዢ የብልህ ሥራ ይመስል ነበር።

ሕጉ ሲዞር

መንግሥት ቀስ በቀስ ነበር የነቃው። በ2004 የቢራ ማስታወቂያ ቀን ቀን ከቴሌቪዥን ተነሳ፤ ሰውም እንስሳም ማስታወቂያው ውስጥ እንዳይታይ ተከለከለ። የሩሲያ ዋና የንጽህና ሐኪም የነበሩት ጌናዲ ኦኒሽቼንኮ ስለ ወጣቶች የቢራ ሱስ በተደጋጋሚ ያስጠነቅቁ ነበር። በጃንዋሪ 2010 የቢራ ኤክሳይስ ታክስ በአንድ ጊዜ ከሊትር 3 ሩብል ወደ 9 ሩብል ዘለለ። በ2011 ፕሬዚዳንት ሜድቬዴቭ ቢራን አልኮል የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ፤ በጃንዋሪ 2013 ሕጉ ሙሉ ለሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ቢራ ከኪዮስክ ወጣ፣ የሌሊት ሽያጭም ቆመ። በመካከሉ በ2012 ማስታወቂያው ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከኢንተርኔት ጠፋ። በ2017 ደግሞ ከ1.5 ሊትር በላይ የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታገደ። እስከዚያ ባለ 2.5 ሊትር ቢራ መደርደሪያ ላይ ማየት የተለመደ ነበር። በዚሁ ዓመት ኤክሳይሱ ሊትሩ 21 ሩብል ደርሶ ነበር።

ውጤቱስ? በ2007 ወደ 11 ቢሊዮን ሊትር የነበረው ምርት በ2017 ከ8 ቢሊዮን ሊትር በታች ወረደ። ፋብሪካ ተዘጋ፣ ሰው ከሥራ ተቀነሰ። ኩባንያዎቹ «ቢራውን ብትነኩት ሰዉ ወደ ቮድካ ይመለሳል» እያሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ባዶ አልነበረም፤ የጎርባቾቭ ጊዜ ምስክር ነው። ግን በአገር ደረጃ የሆነው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ሪፖርት የሩሲያ የነፍስ ወከፍ የአልኮል ፍጆታ ከ2003 እስከ 2016 በ43 በመቶ ቀንሷል። በ1994 ወደ 57 ዓመት ግድም ወርዶ የነበረው የወንዶች አማካይ ዕድሜ በ2018 ወደ 68 ተጠጋ። ሁሉም የቢራ ሕግ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ ቮድካ ላይም ዝቅተኛ ዋጋ ተደንግጓል፣ ገቢም ሕክምናም ተሻሽሏል። ድርጅቱ ግን ለአልኮል ቁጥጥሩ ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል።

የጎን ጉዳት የለም ማለት ደግሞ አይደለም። በዲሴምበር 2016 ኢርኩትስክ ውስጥ ከ70 በላይ ሰዎች የገላ መታጠቢያ ሎሽን ጠጥተው ሞቱ። ሎሽኑ ውስጥ የነበረው ሜታኖል ነው። አቅም ያጣ ጠጪ ሕጋዊው ጠርሙስ ሲወደድበት ምን እንደሚያነሳ ይህ ያሳያል። ታክስ ብቻውን ፖሊሲ አይሆንም፤ ገበያውን ከመርዝ የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል።

ሕጉ ለገንዘብ ሲታጠፍም ታይቷል። በ2018 የዓለም ዋንጫ ሩሲያ ላይ ሲደረግ ቡድዋይዘር ስፖንሰር ነበር። ስለዚህ የስፖርት ላይ የቢራ ማስታወቂያ ክልከላው ለጥቂት ዓመት ላላ፣ የዓለም ዋንጫው ስታዲየም ውስጥም ቢራ ተሸጠ። ጤና የማይደራደሩበት ነው ይባላል፤ ፊፋ ሲመጣ ግን ድርድር አለ።

ድራፍት ቤትና የቲማቲም ቢራ

የሚገርመው ገበያው ሲጠብ ባህሉ ሰፋ። ኪዮስኩ ሲዘጋ በየመኖሪያ ሕንጻው ሥር የድራፍት ሱቆች ፈሉ፤ አስር ሃያ ቧንቧ ይደረድራሉ፣ የመረጥከውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ይሰጡሃል። ጎረቤት በጩኸት ሲማረር መንግሥት በ2020 እንደገና መጣ፦ መኖሪያ ሕንጻ ውስጥ ያለ መጠጥ ቤት የእንግዳ ክፍሉ ቢያንስ 20 ካሬ ሜትር ይሁን አለ።

ትናንሽ ጠማቂዎችም ተነሱ። በኡራል በኩል ዛሬችኒ የምትባል የኒውክሌር ጣቢያ ጎረቤት ከተማ አለች። እዚያ «ጆዝ» የሚባል ጠማቂ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ ታዋቂውን ቢራውንም «የአቶሚክ ላውንደሪ» ብሎ ሰየመው። ሌሎቹ ደግሞ ጎዜ የሚባለውን ጨው ያለበት የጀርመን ኮምጣጣ ቢራ ወስደው ቲማቲም ጨመሩበት። ቢራ ነው ወይስ ሾርባ? ሰዉ ግን ወደደው፤ የቲማቲም ጎዜ ዛሬ የሩሲያ ትናንሽ ጠማቂዎች መታወቂያ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ታዲያ አንድ ደካማ ጎን ነበረው፤ ሆፕስ። ሆፕስ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ነው የሚሠራው፤ መራራውንና መዓዛውን የሚሰጥ እሱ ነው። በሶቪየት ጊዜ የሩሲያ ሆፕስ በአብዛኛው የሚበቅለው ቹቫሺያ ውስጥ ነበር። እርሻው ከሶቪየት በኋላ ወደቀና ጠማቂዎቹ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በውጭ ሆፕስ ላይ ተንጠለጠሉ። ቢራው «የአገር ውስጥ» ነው፣ መዓዛው ግን የጀርመን ነው። ማዕቀብ ሲመጣ እንዲህ ያለው ነገር ነው የሚያምህ።

አንድ እሁድ

በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ካርልስበርግ በማርች እወጣለሁ አለ። ስምንት ፋብሪካና ወደ 8,400 ሠራተኛ ይዞ መውጣት ግን ሱቅ እንደመዝጋት አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ ገዢ ሲፈልግ ቆይቶ በጁን 2023 የሽያጭ ውል መፈረሙን አሳወቀ። በጁላይ 16፣ በዕለተ እሁድ፣ ፑቲን አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። የባልቲካ አክሲዮን በመንግሥት ንብረት ኤጀንሲ «ጊዜያዊ አስተዳደር» ሥር ገባ። የፈረንሳዩ ዳኖን የሩሲያ ድርጅትም በዚያው ወረቀት አብሮ ሄደ።

አዲሱ ኃላፊ ማን ሆኖ መጣ? ታይሙራዝ ቦሎዬቭ። ያው ከ1991 እስከ 2004 ባልቲካን የመራው ሰውዬ!

ካርልስበርግ በኦክቶበር የምርት ስሞቹን ፈቃድ ሰረዘ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ያኮብ ኦሩፕ-አንደርሰን ድርጅታችንን ሰረቁን ብለው በግልጽ ተናገሩ። በኖቬምበር ሁለት የባልቲካ የሥራ ኃላፊዎች ሩሲያ ውስጥ ታሰሩ። እኔን ከገንዘቡ ሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው፤ የዴንማርክ ባለአክሲዮን ገንዘብ ያጣል፣ እዚያው አገር ተቀጥሮ የሠራ ሰው ግን ነጻነቱን ያጣል። በመጨረሻ በዲሴምበር 2024 ትእዛዙ ተነሳ፤ ካርልስበርግም ባልቲካን 2.3 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ገደማ፣ ማለትም ወደ 320 ሚሊዮን ዶላር፣ ሸጦ ወጣ። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ኤቢ ኢንቤቭና ኤፌስ በጋራ የያዙት የሩሲያ ድርጅት በተራው ጊዜያዊ አስተዳደር ሥር ገባ።

ሩሲያ ውስጥ ታዲያ ቢራ ጠፋ? በፍጹም። ፋብሪካው እንደቆመ ነው፣ ብቅሉም አለ፣ ቧንቧውም ይፈሳል። እንዲያውም ዛሬ እያንዳንዱ ጣሳ ላይ የመንግሥት ዲጂታል ኮድ አለበት። ከ2023 እስከ 2024 በየደረጃው ነው የገባው፤ ገዢው ስልኩን አውጥቶ ስካን አድርጎ ሕጋዊ መሆኑን ማየት ይችላል። የቢራውን ትክክለኛነት በስልክህ ታረጋግጣለህ። የፋብሪካው ባለቤት ነገ ማን እንደሚሆን የሚነግር አፕ ግን የለም።

ሁለት ዓይነት ብዕር

ሁለቱንም ያደረገው ያው መንግሥት ነው። ኤክሳይሱን የጨመረውም እሱ፣ አክሲዮኑን የወሰደውም እሱ። ስለዚህ አንዳንዱ «መንግሥት ከገበያ እጁን ያውጣ፣ በቃ» ብሎ ይደመድማል። እኔ አልስማማም።

የ2011ን ሕግ ተመልከቱት። ፓርላማ ገባ፣ ኩባንያዎቹ በአደባባይ ተቃወሙ፣ ተፈረመ፣ ከዚያ ሥራ ላይ እስኪውል ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ ተሰጠ። ለካርልስበርግም፣ ለኪዮስኩ ባለቤትም፣ ለአገር ውስጡ ጠማቂም እኩል ነው። መራራ ነው፤ ግን ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ፋብሪካ ትዘጋለህ፣ አልኮል አልባ ቢራ ትጨምራለህ፣ ትቀጥላለህ። የ2023ቱ ትእዛዝ ግን እሁድ ተፈርሞ በዚያው ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ የሚነካው በስም የተጠቀሰን ድርጅት ነው፤ ተቃውሞ የሚሰማበት መድረክም አልነበረም። የመጀመሪያው ዋጋ ይጨምራል፤ ሁለተኛው ዋጋ የሚባለውን ነገር ራሱን ያጠፋል። ፋብሪካ በ1 ዩሮ የሚሸጠው ማሽኑ ስላረጀ አይደለም። ነገ የአንተ ስለመሆኑ የሚተማመንበት ሰው ስለጠፋ ነው።

«ኩባንያዎቹስ ምን ጽድቅ አላቸው? ቢራ ምግብ ነው እየተባለ በወጣቱ ላይ አልከበሩም ወይ?» ብትሉኝ፣ አዎ ከብረዋል። ፍርዱ ግን ታክስና ሕግ ነው። ደግሞስ የተወሰደው ፋብሪካ ለጠጪው ልጅ ወይም ለሠራተኛው ተከፋፈለ? አልተከፋፈለም፤ ለሌላ ባለሀብት ተላለፈ። ማስረጃው ይኸው ነው፤ ነገሩ ከጤናም ከፍትሕም ጋር ግንኙነት የለውም።

ወደ እኛ ስንመጣ

ይህን የምጽፈው በባዶ ሜዳ አይደለም። ያው ሄኒከን በ2011 ሐረርንና በደሌን ከመንግሥት በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ጊዮርጊስ በ1998 ለፈረንሳዩ ካስቴል ተሽጧል። ከዚያ በፊት ደግሞ ደርግ ጊዮርጊስን ወርሶ ነበር። እኛም ሁለቱንም ብዕር እናውቃቸዋለን።

የማስታወቂያ ክልከላውንም እናውቀዋለን። በ2019 የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፣ አልኮል ለመግዛት የሚፈቀደውንም ዕድሜ 21 አደረገ። ያን ጊዜ ስፖንሰር ያጡ ሰዎች ጮኸው ነበር፤ ጩኸታቸውም ይገባኛል። ግን የሩሲያን ቁጥር ያየ ሰው ሕጉን እንዲህ በቀላሉ አያጣጥለውም። ይልቅ ጥያቄው ሕጉ በየሰፈሩ ግሮሰሪ ይከበራል ወይ የሚለው ነው። ለ17 ዓመት ልጅ ያለምንም ጥያቄ ቢራ የሚቀዳ ቤት ካለ አዋጁ ወረቀት ነው።

ስለዚህ የቢራ ታክስ ጨመረ፣ አዲስ መመሪያ ወጣ የሚል ዜና ስልካችሁ ላይ ሲመጣ «ጠጡ ወይስ አትጠጡ» ወደሚለው ክርክር ከመሮጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ቀድሞ ተነግሯል ወይ? ለሁሉም እኩል ነው ወይ? የተጎዳ ሰው የሚከራከርበት ቦታ አለ ወይ? ሦስቱም «አዎ» ከሆነ ዋጋው ቢመርም መወያየት ይቻላል። አንዱ እንኳን «አይ» ከሆነ ቢራ ባትጠጡም ጉዳዩ የእናንተ ነው። ምክንያቱም ያቺው ብዕር ነገ የምትነካው የናንተን ሱቅ፣ የናንተን ኮንዶሚኒየም ወይም የምትሠሩበትን ድርጅት ሊሆን ይችላል።